የገዳሪፍ ዕዳ አለብን

ስለ ስደተኛ በተነሣ ቁጥር የምንጠቅሳት አንዲት ታሪክ አለችን። የነቢዩ ሙሐመድ ተከታዮች ከመካ ተሳደው ቀይ ባሕርን ሲሻገሩ የአክሱሙ ንጉሥ ተቀብሎ አስጠለላቸው። «አሳልፈህ ስጠን» ብለው የመጡትንም መልእክተኞች ከነእጅ መንሻቸው መለሳቸው። ታሪኳ እውነትም ታኮራለች። በስደተኞች ቀን ትነገራለች፣ በጉባኤ ትነገራለች፣ ባለሥልጣን የውጭ እንግዳ ሲቀበል ከአፉ አትጠፋም።

በታሪኳ ቅር የሚለኝ ነገር የለም። ቅር የሚለኝ እኛ ሁልጊዜ ባለቤት፣ ሌላው ሁልጊዜ እንግዳ የሚሆንበትን ብቻ መርጠን መያዛችን ነው። ባለፉት ስድሳ ዓመታት ከዚህ አገር በእግሩ የወጣው ሕዝብ ብዙ ነው። የመጀመሪያዋን ሌሊት የት አደረ? ውሃ ማን ሰጠው? ይህን የሚጠይቅ ጉባኤ አላየሁም። ለብዙዎቹ መልሱ አንድ አካባቢ ነው፤ ምሥራቅ ሱዳን። ከሰላና ገዳሪፍ።

ዛሬ የምጽፈው ስለዚያ ነው። ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው።

*

በልጅነቴ ጎንደር ሰፈራችን ውስጥ ጋሽ ሱዳኑ የምንላቸው ሰው ነበሩ። ሱዳናዊ አይደሉም፤ የደንቢያ ሰው ናቸው። በቀይ ሽብር ጊዜ በወጣትነታቸው ሸሽተው ገዳሪፍ ገብተው፣ ደርግ ሲወድቅ ነው የተመለሱት። ቡናቸውን ዝንጅብል ከተው ነበር የሚጠጡት። ልጆቻቸውን ሲቆጡ በዓረብኛ ነው። እኛ ስለ ተኩሱና ስለ አምልጦው እንዲያወሩልን እንወተውታቸው ነበር፤ እሳቸው ግን የሚያወሩት ስለ አንዲት ሻይ ሻጭ ነበር።

ገዳሪፍ በገቡበት በመጀመሪያው ክረምት፣ ከሁለት ጓደኞቻቸው ጋር የሴትዮዋ ሻይ መሸጫ ዳስ ሥር ሦስት ወር አደሩ። ቀን ሥራ ፍለጋ ይወጣሉ፤ ማታ እሷ ስኒና ወንበሯን ሰብስባ ስትሄድ እነሱ ይተኛሉ። ሳንቲም አልጠየቀችንም ይላሉ። ዝናብ በጣለ ሌሊት ማግስት ሻዩን ቀድማ የምትሰጠው ለእነሱ ነበር። ስሟን ስንጠይቃቸው አያውቁትም። በአገሩ ልማድ በበኩር ልጇ ስም «የእገሌ እናት» ነው የምትባለው፤ የራሷን ስም የጠየቀ አልነበረም።

ያን ዓይነት ዳስ ሱዳኖች ራኩባ ይሉታል። አራት እንጨት ተክለው ከላይ ሣር ወይም ሸንበቆ የሚያለብሱት። ከገዳሪፍ ከተማ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ እኛ ድንበር ሲመጡ፣ ኡም ራኩባ የሚባል ቦታ አለ። «ባለ ዳሷ» እንደማለት ነው። ይህን ስም ያዙልኝ፣ እንመለስበታለን።

*

መጀመሪያ ድንበሩን እንወቀው። ከጎንደር ወደ ምዕራብ ቁልቁል የሚወርደው መንገድ መተማ ዮሐንስ ላይ ያልቃል። ድልድዩን ሲሻገሩ ጋላባት ነው፤ ከዚያ ገዳሪፍ ለመኪና ግማሽ ቀንም አይሞላም። የድሮዋን መተማ እንግዶች ያቆሟት ገበያ ነበረች ማለት ይቻላል። ተክሩር የሚባሉ ሙስሊሞች ከዳርፉርና ከዚያም ወዲያ ካለው ከምዕራብ አፍሪካ ለሐጅ ሲመላለሱ እዚያው ቀርተው፣ እያረሱና ከደጋ ከሚወርደው ነጋዴ ጋር እየተገበያዩ ኖሩ። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር በ1854 በዚያ ሲያልፍ የተክሩሮቹ ሼክ ለግብፅም ለኢትዮጵያም ግብር እንደሚከፍሉ ጽፏል። በሁለት ጌታ መካከል ለሚኖር ሰው ብልሃት ነው።

ያው ቦታ ደምም አይቷል። ደርቡሾች በ1880 ጎንደርን አቃጠሉ። በዓመቱ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዐፄ ዮሐንስ እዚያው መተማ ላይ ቆሰሉ፤ ከቁስሉም አልተነሡም። የከተማዋ ስም ከዚያ የመጣ ነው። ይህን የማነሣው «ወንድማማች ሕዝቦች» የሚለው የሬዲዮ ቋንቋ እንዳያታልለን ብዬ ነው። ገዳሪፍ የተቀበለችን በመካከላችን ጠብ ስላልነበረ አይደለም። ጎንደርን ያቃጠሉት ሰዎች የልጅ ልጆችና የጎንደር ሰዎች የልጅ ልጆች ናቸው በአንድ ዳስ ሥር የተገናኙት።

በጣሊያን ጊዜም በዚህ በኩል የወጣ ብዙ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ከእንግሊዝ አገር ሲመለሱ ካርቱም ከርመው ነው ጥር 12 ቀን 1933 በኦሜድላ የገቡት። ያ ግን የቤተ መንግሥት ታሪክ ስለሆነ ተጽፏል፤ ልለፈው።

ተራው ሰው በብዛት መውጣት የጀመረው በ1959 ነው። ያኔ በአንድ ባንዲራ ሥር ከነበረችው ኤርትራ፣ ከምዕራቡ ቆላ፣ ሠራዊቱ መንደር ሲያቃጥል ወደ 30,000 የሚሆን ሰው ወደ ከሰላ ተሻገረ። ከዚያ አብዮቱ መጣ። በ1969 ኢዲዩ ሁመራንና መተማን ይዞ ሲለቅ የአካባቢው ሰው ተከትሎ ወጣ፤ ከሁመራ እርሻ የተበተነ የቀን ሠራተኛ ወጣ፤ ከቀይ ሽብር ያመለጠ ተማሪ ወጣ፤ ቆየት ብሎ ደግሞ ልጁ ለብሔራዊ ውትድርና እንዳይታፈስ የፈራ ገበሬ ወጣ። ኡም ራኩባ ካምፕ የሆነው በእነዚያ ዓመታት፣ በ1960ዎቹ መጨረሻ ነው። አሜሪካ በ1972 የስደተኞች ሕግ ስታወጣ በሯ ለሐበሻ ተከፈተ፤ ወረቀቱ ግን ለብዙዎች የተሞላው ሱዳን ተቀምጠው ነው። ዛሬ ዋሽንግተን ወይም ሎስ አንጀለስ ትልቅ ቤት ያላቸውን አባቶች ጠይቁ፣ ስንቱ በገዳሪፍ እንዳለፈ ትሰማላችሁ።

የሱዳን መንግሥት በ1966 የጥገኝነት ሕግ አውጥቶ ነበር። ሕጉ ደግ አልነበረም። ስደተኛው መሬት አይኖረውም፤ ከተመደበበት ቦታ ያለ ፈቃድ መውጣት አይችልም። አብዛኛው ስደተኛ ግን ካምፕ ሳይገባ ሕዝቡ መካከል ገብቶ ኖረ፤ የከተማ ዳር ላይ፣ የእርሻ ሰፈር ውስጥ፣ በሰው ግቢ። ይህ የሆነው ሕጉን ሕዝቡ ስላላስፈጸመው ነው። ጎረቤትህ ፈቃድ እንደሌለህ ያውቃል፤ ዝም ይላል።

*

ስለ ደግነት ስንጽፍ ሒሳቡን መርሳት እንወዳለን። እኔ መጻፍ የፈለግሁት ግን ስለ ሒሳቡ ነው።

የገዳሪፍ መሬት ጥቁር መረሬ ነው፤ ክረምት ላይ መኪና የሚውጥ፣ በጋ ላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ የሚወጣው። እንግሊዞች በ1930ዎቹ አጋማሽ በትራክተር ማሽላ ማረስ ጀመሩበት፤ በጦርነቱ ጊዜ ሠራዊታቸው ስንቅ ይፈልግ ነበርና። ከነጻነት በኋላ እርሻው ሰፋ፤ ሰሊጥም ተጨመረ፤ መሬቱ በከተማ ነጋዴዎች እጅ ገባ። ሰሊጥ ደግሞ የሚጠብቅ ሰብል አይደለም። ሲደርስ ፍሬውን የያዘው ቋት ራሱ ይከፈታል፤ ከዘገየህ ዘሩ መሬት ላይ ይፈስሳል። በአጭር ጊዜ ውስጥ ታጭዶ፣ ታስሮ፣ በሂላ ቆሞ መድረቅ አለበት። ትራክተር ያረሰውን ሁሉ የሰው እጅ ነው የሚያጭደው። ስደተኛው ያ እጅ ሆነ።

እንግዲህ ማን አተረፈ፣ ማን ከሰረ? ባለ ትራክተሩ አተረፈ፤ በመኸር ጊዜ ሠራተኛ በርካሽ አገኘ። እህል ሻጩ አተረፈ፤ ገዢው በዛ። ቤት አከራዩም እንዲሁ። ከስደተኛው በፊት በዚያው እርሻ ላይ ያጭድ የነበረው ሱዳናዊ የቀን ሠራተኛስ? የቀን ዋጋው ወረደ። ማሽላ የሚገዛው በወደቀው ደመወዙ፣ በተወደደው ዋጋ ነው። ሚስቱ እንጨት ለመልቀም ከቀድሞው ርቃ መሄድ ነበረባት። ውሃ የሚቀዳው ሐፊር ከሚሉት የዝናብ ውሃ ከሚጠራቀምበት ጉድጓድ ነው፤ በጋው ሳይጋመስ ጉድጓዱ ደረቀ።

ሮበርት ቻምበርስ የሚባል እንግሊዛዊ የልማት ተመራማሪ በ1978 ገደማ ያሳተመው አንድ ጽሑፍ አለ፤ ርእሱ ወደ እኛ ቋንቋ ሲመለስ «የተሸሸጉ ተጎጂዎች?» ይሆናል። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ቀላል ሆኖ ግን ከዚያ በፊት ሰው አላስተዋለውም። ስደተኛ ተቀባይ ሕዝብ አንድ አካል አይደለም። ከስደተኛው መምጣት ሀብታሙ ያተርፋል፣ ድሃው ይከስራል። የረድኤት ድርጅቱ የሚያየው ስደተኛውን ብቻ ስለሆነ ይህ ድሃ በማንም መዝገብ ላይ የለም። ስደተኛው እጅግ ቢጨንቀው ካምፕ ገብቶ ራሽን ይቀበላል። የአገሩ ድሃ ግን ካምፕ ልግባ ቢል ማን ያስገባዋል?

ኤርትራዊው ምሁር ጋይም ክብረአብ ደግሞ በዚያው በገዳሪፍ አውራጃ፣ ቃላ አን ናሕል በሚባለው የስደተኞች ሰፈራ ለዓመታት አጥንቷል። የአካባቢው ደን ሲራቆት ጣት የተቀሰረው በስደተኛው ላይ ነበር። ጋይም ያሳየው የትራክተር እርሻው ሰፊውን መሬት ጠራርጎ እንደነበረ፣ ስደተኛውም በሕግ ከተከለለበት ጠባብ ቦታ መውጣት ስላልቻለ አንዱን መሬት ደጋግሞ ለማረስ እንደተገደደ ነው። በየዘመኑ የማየው ነገር ነው፤ ሀብታሙ የወሰደውን ድሃው በድሃው ያሳብባል።

አሁን ወደ ሻይ ሻጯ እንመለስ። ያቺ ሴት የትራክተር ባለቤት አልነበረችም። ሦስት ጎረምሶች ዳሷ ሥር ማደራቸው አንድ ብር አላተረፈላትም። ሐበሻ ሴቶች እየበዙ ሲመጡ ብዙዎቹ የገቡበት ሥራ ሻይ መሸጥ ነበር፤ የእሷን ገበያ ነው የተሻሙት። ጋሽ ሱዳኑ ይህን ሲነግሩን ድምፃቸው ዝቅ ይላል። የኋላ ኋላ ከእነዚያ ሦስት ልጆች የአንደኛው እህት ከጎንደር መጥታ፣ ከዚያው መንገድ ማዶ የራሷን ስኒ ዘረጋች። ሴትዮዋ ምን አለች? «የመጀመሪያ ቀን ከሰል አበደረቻት» ይላሉ።

*

ሁሉም እንዲህ ነበር ብዬ አልዋሽም። ሱዳን የኖረ ሐበሻ «ከሻ» የሚለውን ቃል ያውቀዋል። ካርቱም ውስጥ ፖሊስ ሰፈር ዘግቶ ሐበሻውን ከቤትና ከሥራ ቦታ አፍሶ፣ በመኪና ጭኖ ወደ ምሥራቅ የሚመልስበት አፈሳ ነው። ኒሜሪ በ1975 መጨረሻ የሸሪዓ ሕግ ሲያውጁ አረቄ ሸጠው ልጅ በሚያሳድጉ ሴቶች ላይ መከራ ወረደ። መንግሥታቱም በስደተኛው ይነግዱ ነበር። ካርቱም የእኛን አማፅያን ትደግፋለች፣ አዲስ አበባ የደቡብ ሱዳንን። በዚያው ዘመን ጋምቤላ ውስጥ፣ ኢታንግ ላይ፣ እኛም በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ደቡብ ሱዳናውያን አስጠልለን ነበር። የጋምቤላ ሰው የከፈለው ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል፤ ቀን ሲገኝ።

1977 መጣ። ድርቁን ታውቁታላችሁ። ከትግራይ ወደ 200,000 የሚሆን ሰው፣ አውሮፕላን እንዳይመታው ሌሊት ሌሊት እየተጓዘ፣ ሱዳን ገባ። ኩፍኝና የውሃ እጦት ካምፖቹን ፈጃቸው። ከኢትዮጵያ በኩል ሲተረክ የሚዘለለው ነገር ግን አለ፤ በዚያው ዓመት ሱዳንም ተርባ ነበር። ዳርፉርና ኮርዶፋን ዝናብ አጥተው የራሷ ገበሬዎች በኦምዱርማን ዳርቻ ላይ ሰፍረው ነበር። የኑሮ ውድነት ያስነሣው ሕዝብ አደባባይ ወጥቶ መጋቢት 28 ቀን ኒሜሪ ወደቁ። የገዳሪፍ ገበሬ የተራበ ስደተኛ የተቀበለው በጠገበ ዘመኑ አልነበረም።

ኡም ራኩባም በዚያ ዓመት ሌላ ስም አወጣች። ከጎንደርና ከትግራይ የወጡ ቤተ እስራኤላውያን ማንነታቸውን ደብቀው የተቀመጡት በዋናነት እዚያ ነው። ከኅዳር 12 እስከ ታኅሣሥ 27 ቀን 1977 በነበሩት ሳምንታት፣ በዘመቻ ሙሴ ወደ 8,000 የሚሆኑት በድብቅ ወደ እስራኤል ተወሰዱ። በመንገድና በካምፕ የሞቱት ግን 4,000 ገደማ ናቸው፤ ኢየሩሳሌም ሄርዝል ተራራ ላይ መታሰቢያ ቆሞላቸዋል። እስራኤል የሚኖር ቤተ እስራኤላዊ ኡም ራኩባ ሲባል የሚታየው መቃብር ነው። ይህም የዚያች ቦታ ታሪክ ነውና ደስ የሚለውን ብቻ መርጬ ማለፍ አልችልም።

የትግራዩ ገበሬ ግንቦት ሲደርስ፣ ዝናብ ሳይቀድመው ለማረስ መመለስ ጀመረ። በመጀመሪያው ዙር ብቻ ከ50,000 የማያንሱ ተመለሱ። ደርግ ሲወድቅ ሌላው ተመለሰ። ካምፑ ተዘጋ፣ ዳሱ ፈረሰ። ጋሽ ሱዳኑም ቡናና ዝንጅብላቸውን ይዘው ሰፈራችን ገቡ።

*

ጥቅምት 25 ቀን 2013 ሰሜኑ ላይ ጦርነት ሲፈነዳ፣ በቀናት ውስጥ ሰው ተከዜን እየተሻገረ ሐምዳይት ገባ። ጥቂት ወራት ሳይሞላ 60,000 ደረሰ። ባለሥልጣናቱ ካምፕ ፍለጋ ካርታ ዘረጉ፤ ያገኙት ያችኑ ኡም ራኩባን ነው። በ1977 ድንኳን የተተከለበት ሜዳ ላይ የልጅ ልጅ ድንኳን ተተከለ።

ሱዳን በዚያን ሰሞን እንዴት እንደነበረች እናስታውስ። በሽር ከወደቁ ገና ሁለት ዓመት አልሞላም። በዚያው ክረምት ዓባይ ከገደፉ ወጥቶ አገሪቱ የአስቸኳይ ጊዜ ዐውጃ ነበር። የዋጋ ግሽበቱ በዓመት ከ200 በመቶ በላይ ነው፤ ዳቦ ለመግዛት ገና ጎሕ ሳይቀድ ሰልፍ ይያዛል። ሐምዳይት ደግሞ የድንበር መንደር ናት፤ ከስደተኛው በፊትም የተረፋት ነገር አልነበረም። የረድኤት መኪና እስኪደርስ ድረስ ማሽላና ውሃ ያቀረበው የመንደሩ ሰው ነው፤ ግቢውን ከፍቶ ያስገባም ነበር።

እዚህ ላይ ነገሩ ይወሳሰባል። በዚያው ኅዳርና ታኅሣሥ የሱዳን ሠራዊት ወደ አል ፋሽቃ ገብቶ የእኛን ገበሬዎች ካረሱት መሬት አስወጣ። ሰሊጡ ያልታጨደ ነበር። በዚያ የተፈናቀለ ገበሬ ዛሬ ስለ ሱዳን ደግነት ብነግረው ፊቱን ቢያዞርብኝ አልፈርድበትም። ይሁንና ሐምዳይት ላይ ማሽላ ያካፈለችው ሴትና አል ፋሽቃ የገባው ጄኔራል አንድ ሰው አይደሉም። መንግሥት ከመንግሥት ተጣላ ተብሎ ራኩባው አልፈረሰም። ከወራት በኋላ ከመተማና ከጭልጋ አካባቢ የሸሹ ቅማንቶችም በዚያው በገዳሪፍ በኩል ተጠለሉ።

*

ከዚያ ተራው የእኛ ሆነ።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ካርቱም ላይ ጦርነት ተቀሰቀሰ። በሳምንታት ውስጥ የጋላባት ድልድይ ሞላ። ሐኪም፣ መምህር፣ ነጋዴ፣ ነፍሰ ጡር፤ ሻንጣ የሚጎትት ብዙ የከተማ ሰው ነበር። መተማ ዮሐንስ የሚኖር አንድ ወዳጄ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሆነውን ነግሮኛል። ዓረብኛ የሚችል ሁሉ ድልድዩ ላይ ወጥቶ አስተርጓሚ ሆነ፤ ቤቱን የለቀቀም ነበር። ከእነዚያ ውስጥ ገዳሪፍ የኖሩ ይበዙ ነበር አለኝ። አልገረመኝም።

ቀጥሎ ግን ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ወደቀ። ሰኔ ላይ የዓለም ምግብ ፕሮግራም፣ እህል እየተሰረቀ ነው ብሎ፣ በመላ አገሪቱ የምግብ ዕርዳታ አቆመ፤ ለስደተኞች የቀጠለው መስከረም መጨረሻ ነው። ኩመር የተባለው ካምፕ የተከፈተው በዚህ መካከል ነው፤ ኮሌራም ገባበት። ሐምሌ 28 ቀን በአማራ ክልል ጦርነት ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ ታወጀ፤ መንገዱ በታጠቀ ሰው እጅ ወደቀ። ሁለተኛው ካምፕ አውላላ ሲከፈት ስደተኛው የመጣው ከአንድ ጦርነት ወደ ሌላ ጦርነት ነበር።

ዘረፋ፣ እገታ፣ ግድያ፣ ያለ ደመወዝ በእርሻ ላይ ማሠራት፤ የሰብአዊ መብት ድርጅቶች ዘርዝረውታል፣ እኔ አልደግመውም። ሚያዝያ 23 ቀን 2016 ወደ 1,000 የሚሆኑ ስደተኞች አውላላን ትተው በእግራቸው ወደ ጎንደር መንገድ ጀመሩ። ፖሊስ አስቆማቸው። መንገድ ዳር፣ ጫካው ጥግ፣ ከሴትና ከሕፃን ጋር ለሳምንታት ተቀመጡ። ሐምሌ ላይ ሁለቱም ካምፖች ተዘጉና የቀሩት አፍጢት ወደሚባል አዲስ ቦታ ተወሰዱ።

የእኛ ሕግ እኮ በዓለም የተመሰገነ ነው። በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1110 ለስደተኛ የመሥራት፣ የመንቀሳቀስ፣ የመማር መብት ይሰጣል። የሱዳን የ1966 ሕግ ከዚህ ጋር ሲተያይ የእስር ቤት ደንብ ይመስላል። ግን በጠባቡ ሕግ ሥር ጋሽ ሱዳኑ ዐሥራ አራት ዓመት ኖሩ፤ በሰፊው ሕግ ሥር ካርቱማዊው ሐኪም ጫካ ውስጥ አደረ።

«ያንን ያደረገው ሽፍታ ነው፣ ሕዝቡን አትስደብ» የምትሉኝ አላችሁ፤ አውቃለሁ። ግማሹን እቀበላለሁ። በዚያ መንገድ የታገተው ሱዳናዊ ብቻ አይደለም፤ የእኛም ልጅ ታግቷል፣ የእኛም ሰው መሬቱን ሸጦ ቤዛ ከፍሏል። ራሱን ማስጣል ያልቻለ ሰው እንግዳውን እንዴት ያስጥላል? ግማሹን ግን አልቀበልም። ታጋችን ሰው አይቶ የሚጠቁም አለ፤ «ዶላር ይዘው ነው የመጡት» ብሎ የሚያወራ አለ፤ የአንድ ክፍል ኪራይ በአንድ ሌሊት ሦስት እጥፍ ያደረገ አለ። እነዚህ ሽፍቶች አይደሉም።

እናም የቻምበርስ ድሃ እዚህም ነበር፤ አሁን መተማ ላይ ስሙ የእኛ ስም ነው። የመተማ የቀን ሠራተኛ ኪራዩ ሲወደድበት፣ ከሰሉ ሲወደድበት፣ ለካምፑ ውሃ የሚያመላልሰው ቦቴ በደጁ ሲያልፍ የእሱ ጀሪካን ባዶ ነበር። እሱን ማን ጠየቀው? ኡጋንዳ ውስጥ ለስደተኛ ከሚመጣው ዕርዳታ 30 በመቶው ለአካባቢው ነዋሪ ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያና ውሃ እንዲውል አሠራር አለ። ሁልጊዜ ይፈጸማል አልልም፤ ግን ድሃው ባለቤት በወረቀት ላይ ተቆጥሯል። እኛ ዘንድ የስደተኛው ጉዳይ የሚያበቃው የካምፑ አጥር ላይ ነው። ከአጥሩ ውጭ ያለው ሰው ቂም ሲይዝ እንገረማለን።

*

ገዳሪፍስ? ታኅሣሥ 8 ቀን 2016 ወድ መደኒ ስትወድቅ የጀዚራ ሕዝብ ወደዚያው ሸሸ። ትምህርት ቤቶቹ መጠለያ ሆኑ። ሱዳኖች ነፊር የሚሉት ደቦ አላቸው፤ በዚያው ልማድ ሰፈሩ ተሰብስቦ በትልልቅ ድስት ፉልና ምስር እየቀቀለ ለመጣው ሁሉ ያድላል። ያን ድስት ተክያ ይሉታል። የመንግሥት ደመወዝ ለወራት በተቋረጠበት አገር ነው ይህ የሚሆነው። በ2013 ከእኛ የሄዱትም እዚያው ናቸው። ከኡም ራኩባ ወደ ኋላ መመለስ የፈሩ፣ ወደ ፊት መሄድ ያልቻሉ፤ አስተናጋጃቸው ራሱ ተፈናቃይ የሆነባቸው።

ጋሽ ሱዳኑ አርጅተዋል። በ2015 ክረምት መተማ ወርደው «ከገዳሪፍ የመጣ ሰው» ሊፈልጉ ተነሥተው መንገዱ ተዘጋባቸው። ገንዘብ በሰው ላኩ፤ ለማን እንደሆነ ሲጠየቁ «ለአንዲት እናት ስጡልኝ» ብለው። ደረሰ አልደረሰ አያውቁም። ባለፈው ስጠይቃቸው ያስጨነቃቸው ገንዘቡ ሳይሆን የሴትዮዋ ስም ነበር። ስሟን ባውቅ ኖሮ ልጇን አፈላልግ ነበር ይላሉ።

የስደተኛ ስም ተመዝግቧል። ከ1960ዎቹ ጀምሮ በካርድ፣ በፎቶ፣ አሁን ደግሞ በጣት አሻራ። ያስጠለለው ሰው ስም ግን በየትኛውም መዝገብ የለም። ስለዚህ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ገዳሪፍ፣ ከሰላ፣ ሸዋክ፣ ሐምዳይት የኖራችሁ፣ ወይም አባት እናታችሁ የኖሩ፤ ያሳደረውን ሰው ስም፣ ሰፈሩን፣ ሥራውን፣ የምታስታውሱትን ያህል ጻፉልኝ። «የእገሌ እናት» ብቻ ቢሆንም ጻፉት። መተማ ላይ በ2015 በራችሁን የከፈታችሁም እንዲሁ። እየሰበሰብሁ እዚሁ አወጣዋለሁ። የመጀመሪያዋ ሻይ ሻጯ ናት፤ ገዳሪፍ፣ የከብት ገበያው አጠገብ፣ 1969 ክረምት።